የከተማ የሙዚቃ ኢኮኖሚ ምንድን ነው? ከደሴ ሲታይ

የከተማ የሙዚቃ ኢኮኖሚ የሚባለው፣ ሙዚቃ በመኖሩ ምክንያት በአንድ ከተማ ውስጥ የሚፈጠረው ገቢ፣ ሥራና ግብር በአንድ ላይ ነው። ብዙ ሰው ነገሩን ከዘፋኙ ኪስ ጋር ብቻ ያያይዘዋል። ደሴ ላይ በጥር የሚደገስ ሰርግ ግን ሰፋ ያለውን ሥዕል ያሳያል። ዘፋኙና ኪቦርድ ተጫዋቹ አሉ፤ ማሲንቆ መቺም ከተጠራ እሱም አለ፣ ከክፍያው ሌላ ግንባሩ ላይ የሚለጠፍለት ሽልማት ይዞ ይሄዳል። ሳውንድ ሲስተም አከራዩ፣ ሚክሰሩ ላይ የሚቀመጠው ልጅ፣ ስፒከሩን የሚጭነው መኪና፣ የተወዛዋዦቹን የባህል ልብስ የሰፋው ልብስ ሰፊ፣ ሲመሽ እንግዳውን ወደ ሰኞ ገበያ ወይም ወደ ቧንቧ ውሃ የሚያደርሰው ባጃጅ፣ ሁሉም ከዚያው ድግስ ይበላሉ።

የኢኮኖሚ ባለሙያዎች ይህን በሦስት እርከን ያዩታል። ለሙዚቀኛው የሚከፈለው ቀጥተኛ ገቢ ነው። እሱ ሥራውን ለመሥራት ለኪራይ፣ ለመኪናና ለጥገና የሚከፍለው ተዘዋዋሪው ነው። እነዚህ ሁሉ ሰዎች ባገኙት ጤፍ ሲሸምቱና የቤት ኪራይ ሲከፍሉ ደግሞ ሦስተኛው ይመጣል።

ዋናው ቁም ነገር ግን እርከኑ ላይ ሳይሆን ገንዘቡ ከከተማው ከመውጣቱ በፊት ስንት እጅ እንደሚዞር ላይ ነው። ለምሳሌ ያህል እናስላው። ከሐይቅ የመጣ እንግዳ ደሴ ላይ ለሙዚቃ ምሽት 100 ብር ከፈለ እንበል። ገንዘቡ የደረሰው ሰው ሁሉ ካገኘው 60 በመቶውን እዚያው ደሴ ቢያወጣ፣ 100ው 60 ብር፣ 60ው 36 ብር፣ 36ቱ 21 ብር ከ60 ሳንቲም እያለ ይቀጥላል፤ መጨረሻ ላይ ሲደመር 250 ብር ገደማ ይሆናል። እዚያው የሚወጣው 30 በመቶ ብቻ ከሆነ ግን ድምሩ ወደ 143 ብር ይወርዳል። እንግዳውም፣ ዘፈኑም፣ የመግቢያ ዋጋውም አልተለወጡም።

ለእኔ የደሴ ጥያቄ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ብዙው ገንዘብ ቶሎ ይሾልካል። ዜማ ከሚመሠረትባቸው የኢትዮጵያ ሙዚቃ አራት ዋና ዋና የድምፅ ስልቶች፣ ማለትም ቅኝቶች፣ ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ የሚጠሩት በወሎ ቦታዎች ስም ነው። በደርግ ዘመን የወሎው የላሊበላ ኪነት ቡድን ማሪቱ ለገሰን የመሰሉ ድምፃውያን የዘፈኑበት ነበር። እንዲህ ያለ ሀብት ባለበት አገር፣ አንድ ወጣት ድምፃዊ ስሙ መነሳት ሲጀምር ጓዙን ጠቅልሎ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ ይገባል። አቀናባሪውም፣ ትልቁ ስቱዲዮም፣ ክሊፕ ሠሪውም እዚያ ነው። ዜማው የወሎ ሆኖ ለሥራው የሚከፈለው ብር የሚዞረው ሌላ ከተማ ነው። ልጁ መሄዱ ጥፋት አይደለም፣ እንጀራው ነው። የሚያሳዝነው ደሴ ላይ ተቀምጦ መሥራት የሚችልበት ዕድል ጠባብ መሆኑ ነው።

የሄደ ሙዚቃ ሁሉ ግን ከነጥቅሙ አይሄድም። የእንግሊዟ ሊቨርፑል ቢትልስ የሚባለው ባንድ የተወለደባት ከተማ ናት። ዘፈኖቻቸውን በአብዛኛው የቀረጹት ለንደን ነበር፣ የተበተኑትም እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት፣ የባንዱ ውርስ ለሊቨርፑል በዓመት 82 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ እንደሚያስገባና ከ2,300 በላይ የሥራ ቦታዎችን እንደያዘ አስልቷል። ሰው የሚመጣው ያደጉበትን ቤትና የተጫወቱበትን ክበብ ለማየት ነው። አምባሰልም ባቲም የሚታዩ ቦታዎች ናቸው። የሰኞውን የባቲ ገበያ ለማየት የሚመጣ እንግዳ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ አድሮ ማታ የባቲን ቅኝት በማሲንቆ ቢሰማ፣ አልጋው፣ ራቱና መኪናው ሁሉ የሙዚቃ ገቢ ውስጥ ይቆጠራል።

ሌላው መንገድ የቅጂ መብት ነው። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራ አመንጪውን፣ ለምሳሌ የግጥም ወይም የዜማ ደራሲውን፣ የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ዘፈኑ በሬዲዮ በተሰማ ቁጥር በሕጉ መሠረት ቢከፈል፣ ደሴ የሚኖር ግጥም ደራሲ ከቤቱ ሳይወጣ ከሌላ ከተማ ገንዘብ ወደ ደሴ ያስገባል።

ሲቆጠር መጠንቀቅ ያለብን አንድ ነገር አለ። የደሴ ሰው ለባህል ምሽት ያወጣውን ብር ባያወጣው ኖሮ ምናልባት ፒያሳ ካፌ ውስጥ ያወጣው ነበር፤ ስለዚህ ያ ለከተማው አዲስ ገንዘብ አይደለም። አዲስ የሚባለው ከውጭ የመጣው ነው። አዳራሽ ወይም ሆቴል ያለው ሰው ቆጠራውን ለመጀመር ትልቅ ጥናት መጠበቅ የለበትም። በር ላይ ቲኬት የሚቆርጠው ልጅ እንግዳውን ከየት እንደመጣና ስንት ሌሊት እንደሚያድር ጠይቆ በደብተር ቢመዘግብ ይበቃል።