የቤት ውስጥ ደረቅ ቆሻሻ አወጋገድና መልሶ መጠቀም

የቤት ውስጥ ደረቅ ቆሻሻ አያያዝ ከየመኖሪያ ቤቱ የሚወጣውን ቆሻሻ መለየትን፣ መሰብሰብን፣ ማጓጓዝን፣ ጠቃሚውን መልሶ ጥቅም ላይ ማዋልንና የቀረውን ማስወገድን ያጠቃልላል። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ በ2016 በዓለም ዙሪያ 2.01 ቢሊዮን ቶን ደረቅ ቆሻሻ የመነጨ ሲሆን፣ ቢያንስ 33 በመቶው አካባቢን በሚጎዳ መንገድ የተያዘ ነበር።

የሥርዓቱን ውጤታማነት ከሁሉ በላይ የሚወስነው ቆሻሻው ከቤት ሲወጣ የተለየ መሆን አለመሆኑ ነው። እርጥቡና ደረቁ በአንድ ፌስታል ከታጨቁ ወረቀቱ የምግብ ዘይት ይመጥጣል፣ የምግብ ትራፊውም የጠርሙስ ስባሪ ስለሚገባበት ለኮምፖስት አይሆንም። በመለያ ጣቢያዎች ማግኔት ብረቱን ለቅሞ ያወጣል፤ ስስ ፌስታል ግን በሚሽከረከሩት የማሽን ክፍሎች ላይ እየተጠመጠመ ሥራ ያስቆማል፣ ሠራተኞችም ማሽኑን አጥፍተው በቢላ እየቆረጡ ያወጡታል። ከቤት መለየት አዲስ ሐሳብ አይደለም፤ የፓሪስ አስተዳዳሪ የነበሩት ኢዩዤን ፑቤል በ1883 ባወጡት ደንብ ለሚበሰብስ ነገር፣ ለወረቀትና ለጨርቅ እንዲሁም ለጠርሙስና ለሸክላ ስባሪ የተለያዩ ማጠራቀሚያዎች እንዲዘጋጁ አዘው ነበር።

አሉሚኒየምን አቅልጦ መልሶ መጠቀም፣ ከማዕድኑ ከማምረት ጋር ሲነጻጸር፣ 95 በመቶ የሚሆን ኃይል ይቆጥባል። ጠርሙስም ጥራቱ ሳይጓደል ደጋግሞ ይቀልጣል፤ የወረቀት ቃጫ ግን በየዙሩ እያጠረ ስለሚሄድ ከ5 እስከ 7 ጊዜ ያህል ብቻ ያገለግላል። ፕላስቲክ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በሦስት ማዕዘን ምልክት ውስጥ የሚታየው ከ1 እስከ 7 ያለው ቁጥር የፕላስቲኩን ዓይነት ይናገራል እንጂ ዕቃው መልሶ ጥቅም ላይ እንደሚውል አያረጋግጥም፤ በስፋት ገዢ የሚያገኙት ብዙውን ጊዜ 1 ቁጥር የሆነው የውሃ ጠርሙስና 2 ቁጥር የሆነው ጄሪካን ናቸው።

የምግብ ትራፊ አየር በማያገኝበት ሁኔታ ተቀብሮ ሲበሰብስ ሚቴን ያመነጫል፤ ይህ ጋዝ በ100 ዓመት ሲሰላ ከተመሳሳይ ክብደት ካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ ሙቀት ያምቃል። ስለዚህ በአግባቡ የተሠራ የቆሻሻ መቅበሪያ ፍሳሹ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ እንዳይሰርግ ወለሉ የሚሸፈን ሲሆን ጋዙም በቧንቧ ይሰበሰባል። ማቃጠል የቆሻሻውን ይዘት እስከ 90 በመቶ ቢቀንስም መርዛማ ብረቶች የያዘ አመድ ይተዋል።

ባትሪ ከሌላው ቆሻሻ ጋር ፈጽሞ መጣል የለበትም። በተለይ የስልክና የላፕቶፕ ሊቲየም ባትሪ በቆሻሻ መኪና ውስጥ ሲጨፈለቅ እሳት ሊያስነሳና ሠራተኞቹን ለአደጋ ሊያጋልጥ ስለሚችል፣ ጫፎቹ በፕላስተር ተሸፍነው ለብቻው ለሚረከብ ማዕከል መሰጠት ይኖርበታል።