“ቢሉ አለፈ” ሲባል፦ ስለ ካሊፎርኒያ የአየር ንብረት፣ የኃይልና የጤና ረቂቅ ሕጎች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ካሊፎርኒያ ላለ አበሻ “ቢል” ሁለት ነገር ነው። አንዱ በየወሩ ከመብራት ድርጅት ይመጣል። ሌላው ሳክራሜንቶ ላይ አንድ የስቴት ሴናተር ወይም የአሴምብሊ አባል የሚያቀርበው ረቂቅ ሕግ ነው። ሁለተኛው ውሎ አድሮ አንደኛውን መንካቱ አይቀርም፤ ግን በመካከላቸው ረጅም መንገድ አለ። በቴሌግራምና በዋትስአፕ የሚዞረው ወሬ መንገዱን ዘሎ መድረሻውን ብቻ ያወራል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

“ሴናተሩ አቅርቦታል፤ ሕግ ሆነ ማለት ነው”

አልሆነም። አንድ ረቂቅ ከቀረበ በኋላ በመደበኛው ሥርዓት 30 ቀን ሳይሞላው ኮሚቴ አይመለከተውም። ከዚያ ጉዳዩ የሚመለከተው ኮሚቴ፣ ለምሳሌ የኃይል ወይም የአካባቢ ጥበቃ ኮሚቴ፣ ይሰማዋል። ገንዘብ የሚያስወጣ ከሆነ ደግሞ ወደ በጀት ወጪ ኮሚቴው ይሻገራል፤ ብዙ ረቂቅ ወድቆ የሚቀረው እዚህ ነው። በሴኔቱ በኩል ከስቴቱ ጠቅላላ ፈንድ 50,000 ዶላር፣ ወይም ከየትኛውም ፈንድ 150,000 ዶላር የሚያስወጣ ረቂቅ “ሰስፔንስ ፋይል” የሚባል ማቆያ ውስጥ ይገባል። ከዚያም ኮሚቴው በሜይና በኦገስት ግድም በአንድ ቀን በመቶ የሚቆጠሩትን እየጠራ “ያልፋል”፣ “ይቆያል” ይላል። ምስክር አይሰማም፣ ክርክርም የለም፣ ምክንያት የመናገር ግዴታም የለበትም። በአደባባይ ድምፅ ሰጥቶ ከመጣል በዝምታ ማስቀረት ለፖለቲከኛ እንደሚመች ግልጽ ነው።

ከዚህ ያመለጠ ረቂቅ በሴኔቱ ከ40 አባላት 21፣ በአሴምብሊው ከ80 አባላት 41 ድምፅ ያስፈልገዋል። ግብር የሚጨምር ወይም በአስቸኳይ የሚጸና ከሆነ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጠይቃል። ሁለቱም ምክር ቤቶች ካጸደቁት በኋላ ገዥው 12 ቀን አለው፤ በምክር ቤቱ የሥራ ዘመን ማብቂያ ላይ ለሚደርሱት ግን 30 ቀን ይሰጠዋል። ሳይፈርም ዝም ካለ ረቂቁ ያለ ፊርማ ሕግ ይሆናል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ረቂቁ በመንገድ ላይ ይለዋወጣል፤ ቁጥሩ ሳይቀየር ሆዱ ሙሉ በሙሉ የሚቀየርበት ጊዜም አለ። ስለዚህ በምክር ቤቱ የሕግ መረጃ ድረ ገጽ ላይ ቁጥሩን ከፈለጉ በኋላ የመጨረሻውን እትም ቀን ይመልከቱ። የተጨመረው በሰማያዊ ጋደል ብሎ ይጻፋል፤ የተሰረዘው ቀይ ሆኖ መስመር ይሰመርበታል።

“ገዥው ከፈረመ አለቀ”

ይህኛው ስሕተት የተማረውንም ያሳስታል። ሁለት ምሳሌ እንይ።

የሎንግ ቢችዋ ሴናተር ሊና ጎንዛሌዝ ያቀረቡት ኤስ ቢ 1137 (“ኤስ ቢ” ከሴኔት፣ “ኤ ቢ” ከአሴምብሊ የተነሣ ረቂቅ ነው) ከመኖሪያ ቤት፣ ከትምህርት ቤትና ከሕክምና ተቋም በ3,200 ጫማ (975 ሜትር ገደማ) ውስጥ አዲስ የነዳጅ ጉድጓድ እንዳይፈቀድ ይከለክላል። ገዥው ጋቪን ኒውሰም በሴፕቴምበር 2022 ፈረሙበት። የነዳጅ ኩባንያዎቹ ግን ሕጉ ለሕዝበ ውሳኔ እንዲቀርብ ፊርማ አሰባሰቡ። ለዚህ 90 ቀን ይሰጣል፤ የሚያስፈልገውም ባለፈው የገዥ ምርጫ ከተሰጠው ድምፅ 5 በመቶ የሚሆን ፊርማ ነው። ፊርማው ሲሟላ ሕጉ ሥራ ላይ ሳይውል ታገደ። የተፈታው ኩባንያዎቹ በጁን 2024 ጥያቄያቸውን ካነሱ በኋላ ነው። ሕጉ ነባር ጉድጓዶችን እንደማይዘጋም ይወቁ፤ ከጉድጓዱ የሚያፈተልከውን መቆጣጠርን የመሳሰሉ ግዴታዎች ይጭንባቸዋል እንጂ።

ሁለተኛው በጋዘን፣ በልብስ ማጠቢያና በምግብ ቤት ጓዳ የሚሠራውን ሁሉ ይነካል። በ2016 የወጣው ኤስ ቢ 1167 የሙያ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ (ካል ኦሻ) ለቤት ውስጥ ሥራ የሙቀት ደንብ እስከ ጃንዋሪ 2019 እንዲያዘጋጅ አዘዘ። ደንቡ የጸናው ጁላይ 23 ቀን 2024 ነው። ሕጉ “ደንብ አዘጋጁ” ብቻ ስለሚል፣ ረቂቅ ደንቡ፣ የሕዝብ አስተያየቱና የወጪ ግምቱ አምስት ዓመት ተኩል ማዘግየት ቻሉ።

አሁን ግን ይሠራል። የሥራ ቦታው 82 ዲግሪ ፋራናይት (28 ሴልሺየስ ገደማ) ሲደርስ አሠሪው ቀዝቀዝ ያለ የመጠጥ ውሃና ሙቀቱ ከ82 በታች የሆነ ማረፊያ ማቅረብ አለበት፤ ውሃው ለአንድ ሰው በሰዓት አንድ ኳርት፣ ማለትም ወደ አንድ ሊትር፣ እንዲበቃ ሆኖ ነው። ሙቀት የከበደው ሠራተኛ ቢያንስ 5 ደቂቃ የማረፍ መብት አለው። 87 ሲደርስ ሙቀቱን መለካትና መመዝገብ፣ ከዚያም በማራገቢያ ወይም በማቀዝቀዣ ማውረድ ግዴታ ይሆናል። ከምድጃና ከምጣድ በሚወጣ ኃይለኛ ሙቀት አጠገብ ለሚሠራ ሰው ይህ ግዴታ በ82ም ይጀምራል።

“የመብራት ዋጋ እንደ ደመወዛችን ሊሆን ነው”

ወሬው ከባዶ አልተነሣም። በ2022 የበጀት ማሟያ ሆኖ በጥድፊያ ያለፈው ኤ ቢ 205 በገቢ የሚለያይ ወርኃዊ ቋሚ ክፍያ እንዲወጣ አዘዘ። በ2023 የመብራት ድርጅቶቹ ባቀረቡት ሐሳብ ላይ ለከፍተኛ ገቢ ከ100 ዶላር በላይ የሆነ ቁጥር ነበረበት፤ አገር የተንጫጫው ያኔ ነው። የአገልግሎት ተቆጣጣሪው ኮሚሽን በሜይ 2024 የወሰነው ግን ሌላ ነው፦ ለአብዛኛው ደንበኛ 24.15 ዶላር፣ ኬር በሚባለው የዝቅተኛ ገቢ ቅናሽ ለታቀፈ 6 ዶላር፣ ገቢው ከዚያ ትንሽ ከፍ ላለው በሚሰጠው በፌራ ለታቀፈ 12 ዶላር።

ቋሚ ክፍያው ሲጨመር የፍጆታው ዋጋ በኪሎዋት ሰዓት ከ5 እስከ 7 ሳንቲም ይቀንሳል። ቅናሹን 6 ሳንቲም ብንለው፣ 24.15ን ለማካካስ በወር ወደ 400 ኪሎዋት ሰዓት መጠቀም ያስፈልጋል። ከዚያ በላይ የሚጠቀም ያተርፋል፣ በታች የሚጠቀም ትንሽ ይጨምራል። ባለ 1,500 ዋት የእንጀራ ምጣድ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቢሠራ 3 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ ቅናሹ ለአንድ ጋገራ 18 ሳንቲም ነው። ሀብታም አያደርግም፣ ግን የሚጎዳም አይደለም።

ውሳኔው የሚመለከተው እንደ ፒጂ ኤንድ ኢ ያሉትን የባለሀብት ድርጅቶች እንጂ የሎስ አንጀለስን ወይም የሳክራሜንቶን የሕዝብ መብራት ድርጅት አይደለም። ሰው በብዛት የሚስተው ኬርን ነው። ገቢያቸው ከፌዴራሉ የድህነት መስመር እጥፍ ለማይበልጥ ቤተሰቦች ከመብራት ዋጋ ከ30 እስከ 35 በመቶ ይቀንሳል፤ ሆኖም ማመልከቻ ይጠይቃል፤ በየጊዜው ካልታደሰም ይቋረጣል።

“የጋዝ ምድጃችንን ሊወስዱብን ነው”

የማንም ምድጃ አልተወሰደም። በርክሌይ በ2019 የከለከለችው በአዳዲስ ሕንጻዎች ላይ የጋዝ ቧንቧ መዘርጋትን ነበር፤ እሱንም የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2023 ሽሮታል። በ2024 በምድጃዎች ላይ የጤና ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍ የሚያዘው ኤ ቢ 2513 በሁለቱም ምክር ቤቶች አልፎ ነበር፤ ኒውሰም ውድቅ አደረጉት።

ይህ ማለት ግን ምድጃው ጤና አይነካም ማለት አይደለም። የጋዝ ነበልባል ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፤ አስም ላለበት ልጅ ጎጂ ነው። የጭስ መሳቢያው አየሩን ወደ ውጭ የሚያስወጣ መሆኑን ያረጋግጡ፤ አንዳንዱ አጣርቶ እዚያው ይመልሰዋል፣ ጋዙን ግን አያስቀርም። ወጡን በኋለኛው እሳት ላይ መጣድም ይረዳል፣ መሳቢያው የሚሸፍነው እሱን ነውና። ለቡና ከሰል ቤት ውስጥ ማቀጣጠል ከሁሉም የከፋ ነው፤ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሰው ይገድላል። በ2010 የወጣው ኤስ ቢ 183 የጋዝ ዕቃ ያለበት ቤት ሁሉ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ እንዲኖረው ያስገድዳል፤ ተከራይ ከሆኑ የማስገባት ግዴታው የባለቤቱ ነው።

“በ2035 የቤንዚን መኪና መንዳት ይከለከላል”

ደንቡን ያወጣው የአየር ሀብት ቦርዱ እንጂ ሕግ አውጪው አይደለም፤ የሚናገረውም ስለ አዲስ መኪና ሽያጭ ብቻ ነው። ያለዎትን መንዳትና ያገለገለ መግዛት አይነካም። እሱም ቢሆን፣ ካሊፎርኒያ ደንቡን እንድታስፈጽም የተሰጣትን የፌዴራል ፈቃድ ዋሽንግተን በጁን 2025 ስለ ሰረዘች፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ነው። ለኡበርና ለሊፍት ሾፌሮች የሚጠቀሰው ኤስ ቢ 1014 ደግሞ ከጉዞው የሚወጣውን ብክለት የመቀነስ ግዴታውን የጣለው በኩባንያዎቹ ላይ ነው።

“ዜጋ ካልሆንኩ ማን ይሰማኛል?”

ኮሚቴ ፊት ለመናገርም ሆነ ደብዳቤ ለመላክ ዜግነት አይጠየቅም። ደብዳቤው ችሎቱ ከመድረሱ አንድ ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ ካልገባ በኮሚቴው ትንታኔ ላይ ስምዎ ላይሰፍር ይችላል። ቁጥሩን፣ “እደግፋለሁ” ወይም “እቃወማለሁ” የሚለውንና አንድ ተጨባጭ ምክንያት በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ያስቀምጡ። በአካል ከሄዱ ሰዓት የሚሰጣቸው ከየወገኑ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዋና ምስክሮች ናቸው፤ የቀረው ተሰልፎ ስሙን፣ ከየት እንደ መጣና አቋሙን ብቻ ተናግሮ ይወርዳል። ዝርዝሩ መግባት ያለበት በደብዳቤው ነው። ደብዳቤው ደግሞ ሳክራሜንቶ ላለው የስቴት ሴናተርዎ እንጂ ዋሽንግተን ላሉት ሁለቱ አይላክ፤ እነሱ በስቴቱ ረቂቅ ላይ ድምፅ የላቸውም።