ፌሪቲን፦ የደም ሴሎቻችን የብረት ጎተራ

መንዝ ላይ ጎተራ የሚሠራው አጨዳ ሳይደርስ ነው። ማገሩ ይታሰራል፣ ጭቃና እበቱ ይመረጋል፤ ገብሱ ሲወቃ ቦታው ዝግጁ ነው። የደም ሴል ግን ጎተራውን የሚያቆመው እህሉ ደጅ ሲደርስ ነው። እህሉ ብረት ነው፤ ጎተራው ፌሪቲን የሚባል ፕሮቲን።

ፌሪቲን ከ24 ቁራጮች የተገጣጠመ፣ ሆዱ ባዶ የሆነ ድቡልቡል ነገር ነው። አንዱ እስከ 4,500 የብረት አተሞች ይይዛል። በ1937 እ.ኤ.አ. ከፈረስ ጣፊያ ለይቶ ያወጣው የቼኩ ሳይንቲስት ቪሌም ላውፍበርገር ነው።

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ አሠራሩ ነው። «ፌሪቲን ሥራ» የሚለው መልእክት፣ ማለትም ኤምአርኤንኤው፣ ሴሉ ውስጥ ቀድሞ ተጽፎ ይጠብቃል። ብረት ሲያንስ አንድ ተቆጣጣሪ ፕሮቲን የመልእክቱ መነሻ ላይ ጉብ ይላል። መልእክት እያነበበ ፕሮቲን የሚሠራው ራይቦዞም ሊያነበው ቢመጣ መንገዱ ዝግ ነው። ብረት ሲበዛ ተቆጣጣሪው ይለቃል፤ ምርቱም ይጀመራል። ከዘረመል አዲስ መልእክት እስኪገለበጥ መጠበቅ የለም። ጥድፊያው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሳይታሰር የሚንከራተት ብረት ሴሉን ይጎዳል።

የበሰለ ቀይ የደም ሴል ይህን መሥራት አይችልም። ኒውክሊየሱንም ራይቦዞሙንም ጥሏል። የሚሠራው መቅኒ ውስጥ ለጋ ሳለ ነው። ነጭ የደም ሴሎችም ይሠራሉ፤ ከሁሉ የሚበረቱት ማክሮፋጆች ናቸው። ጣፊያና ጉበት ውስጥ ሆነው፣ 120 ቀን ገደማ ያገለገሉ ቀይ ሴሎችን ይውጣሉ፤ ብረቱን ያተርፋሉ። በዚህ መንገድ በቀን 20 ሚሊግራም ገደማ ይመለሳል። ከምግብ የምናገኘው ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም ብቻ ነው።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍታ ሄሞግሎቢንን፣ ማለትም ቀይ ሴሎች ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ፕሮቲን፣ ከፍ ሊያደርግ ስለሚችል፣ የደም ማነስ መለኪያው እንደ ከፍታው ይስተካከላል። ጣቷን ተወግታ፣ ሄሞግሎቢኗ ተለክቶ «ደምሽ ደህና ነው» የተባለች እናት ጎተራዋ ባዶ ሊሆን ይችላል። ያንን የሚያሳየው የፌሪቲን ምርመራ ነው። በጤነኛ አዋቂ ሰው ከ15 ማይክሮግራም በሊትር ካነሰ ክምችቱ አልቋል ማለት ነው። ኢንፌክሽን ካለ ግን ፌሪቲን ከፍ ብሎ ጉድለቱን ይሸፍናል። ስለዚህ ትኩሳት ይዟችሁ ከተመረመራችሁ ለሐኪሙ ንገሩት።