«ለምኑ፥ ይሰጣችሁማል» ከተባለ ጸሎት ምላሽ ያጣ የሚመስለው ለምንድን ነው?

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 7 የተጻፈው «ለምኑ፥ ይሰጣችሁማል» የሚለው ተስፋ፣ ለታመመ ልጁ ለዓመታት ጾሞና ሰግዶ ፈውስ ያላየን አባት ግራ ቢያጋባ አያስደንቅም። ተስፋው ግን ብቻውን አልቆመም፤ 1ኛ ዮሐንስ 5፥14 እግዚአብሔር «እንደ ፈቃዱ» ስንለምነው እንደሚሰማን ይናገራል፤ ያዕቆብም በመልእክቱ ምዕራፍ 4 ለገዛ ምቾት ሲሉ በክፉ የሚለምኑ ሰዎች እንደማይቀበሉ ይገልጻል።

ሆኖም የያዕቆብን ቃል አንሥቶ በመከራ ውስጥ ያለን ሰው ሁሉ «እምነትህ ጎድሎ ነው» ማለት ከባድ በደል ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ በ2ኛ ቆሮንቶስ 12 እንደሚተርከው፣ የሥጋው መውጊያ ከእርሱ እንዲለይ ጌታን ሦስት ጊዜ ለምኖ ያገኘው መልስ «ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚል ነበር፤ ልመናው ተሰምቷል፣ መልስም አግኝቷል፣ መውጊያው ግን አልተወገደለትም። ከዚህም በላይ፣ ኃጢአት የሌለበት ክርስቶስ በጌቴሴማኒ ጽዋው እንዲያልፍ ከጸለየ በኋላ ራሱን ለአባቱ ፈቃድ አሳልፎ ሰጥቶ ወደ መስቀል ከሄደ፣ ያልተፈጸመ ልመና በራሱ የኃጢአት ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

መዘግየትም ከክልከላ ይለያል፤ የዳንኤል ቃል ከመጀመሪያው ቀን ተሰምቶ ሳለ፣ መልሱን ይዞ የመጣውን መልእክተኛ የፋርስ መንግሥት አለቃ 21 ቀን ተቋቁሞት እንደነበር ትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 10 ይናገራል። የሚጸልየው ሰው የገጠመው ከእነዚህ የትኛው እንደሆነ ብዙ ጊዜ አይገለጥለትም፤ ኢዮብም ቢሆን እግዚአብሔር ከተናገረውና ሀብቱ ከተመለሰለት በኋላ እንኳ የመከራው ምክንያት አልተነገረውም።