ድብቅ ቢያስ ምንድን ነው? የሰው ብዛትስ ያጠፋዋል?

«ጥናቱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ነው የያዘው። ቢያስ ቢኖር እንኳ በብዛቱ ይጠፋል። ኦሜፕራዞል የጨጓራ ካንሰር ያመጣል፣ አለቀ።» ይህን የሚል ተንታኝ ሰምተው መድኃኒታቸውን፣ የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞልን፣ ያቋረጡ ሰዎች እዚህ ደሴ ፋርማሲ ድረስ እየመጡ ነው። አንዳንዶቹ አስፒሪን የሚወስዱ ናቸው፤ ኦሜፕራዞሉ የታዘዘላቸው ጨጓራቸው እንዳይደማ ነበር።

ቢያስ ማለት ውጤቱን ወደ አንድ ወገን የሚያዛባ ስህተት ነው። ብዛት የሚቀንሰው ግን የአጋጣሚን ስህተት ብቻ ነው።

ብርዳማው ደሴ ላይ ጋቢ የደረበውን ሞቃቱ ኮምቦልቻ ላይ በሸሚዝ ከሚሄደው ጋር አወዳድሩ። ባለጋቢው ይበልጥ ይበርደዋል። ታዲያ ብርዱን ያመጣው ጋቢው ነው? መቶ ሺህ ሰው ብትጠይቁም መልሱ ያው ነው፤ የጦሳ ተራራ ብርድ በቁጥር አይሞቅም። ከተማው ከተመዘገበ መላ አለው፤ ደሴን ከደሴ ጋር ማወዳደር ነው። ግን እዚያው ደሴ ውስጥ ትኩሳት የሚያንቀጠቅጠውም ጋቢ ይደርባል። ትኩሳቱን ደግሞ ማንም አልመዘገበውም። ድብቅ ቢያስ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ኦሜፕራዞል የሚጀምረው ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያውኑ ጨጓራው ታሟል። ምክንያቱ ኤች ፓይሎሪ የተባለው የጨጓራ ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል፤ ባክቴሪያው ራሱ ለጨጓራ ካንሰር ያጋልጣል። ሕመሙ ገና ያልታወቀ ካንሰር ምልክት የሚሆንበት ጊዜም አለ።

«አጥኚዎቹ በዕድሜና በጾታ አስተካክለዋል እኮ!» ይላል ተንታኙ፤ ተመሳሳይ ዕድሜና ጾታ ያላቸውን አወዳድረዋል ማለቱ ነው። ያልተመዘገበ ነገር በምን ይስተካከላል? በዚያ ላይ መድኃኒት ከፋርማሲ ወጣ ማለት ተዋጠ ማለት አይደለም። ይህንንም ጥናቱ የተደገፈበት መዝገብ አይነግረንም።

የተሻለው መንገድ ኦሜፕራዞል የጀመሩትን ለተመሳሳይ ሕመም ፋሞቲዲን የተባለውን ሌላ የአሲድ መቀነሻ ከጀመሩት ጋር ማወዳደር ነው። መድኃኒቱ በተጀመረ ሰሞን የተገኘ ካንሰርም ከስሌቱ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ጥያቄ መነሳት አለበት፦ ይህን ውጤት ብቻውን ለመፍጠር የተደበቀው ነገር ምን ያህል ኃይለኛ መሆን ነበረበት?

አሜሪካዊው የስታቲስቲክስ ባለሙያ ጀሮም ኮርንፊልድና ባልደረቦቹ በ1959 እ.ኤ.አ. ስለ ሲጋራ የጠየቁት ይህንኑ ነው። አጫሾች በሳንባ ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ዘጠኝ እጥፍ ከሆነና ጥፋተኛው ሌላ ድብቅ ነገር ነው ከተባለ፣ ያ ነገር በአጫሾች ላይ ቢያንስ ዘጠኝ እጥፍ በዝቶ መገኘት አለበት። እንዲህ ያለ ነገር አልተገኘም። ስለዚህ የምልከታ ጥናት (ሙከራ ሳይደረግ ሰዎች የሚያደርጉትን በመከታተል ብቻ የሚሠራ ጥናት) ሁሉ ይጣል አልልም፤ የሲጋራው ማስረጃ በዚህ ጥያቄ ሳይናወጥ ቆሟል። የኦሜፕራዞሉ ቁርኝት ግን ከዘጠኝ እጥፍ እጅግ ያነሰ ነው። ኤች ፓይሎሪን የመሰለ አንድ ያልተመዘገበ ነገር አብዛኛውን ሊያብራራው ይችላል። ጥያቄው ገና አልተዘጋም፤ «አለቀ» የሚያስብል ነገር የለም።