አውሮፕላን ማረፊያና ጎረቤቶቹ

የአውሮፕላን ማረፊያ ጥቅሙ ሩቅ ይደርሳል፤ ጣጣው ግን እዚያው ይቀራል። መንገደኛው ተሳፍሮ ይሄዳል። ነጋዴው ጭነቱን ተረክቦ ወደ ሥራው ይመለሳል። ከማኮብኮቢያው ጫፍ የሚኖረው ሰው ግን የጀመረውን ወሬ በየጥቂት ደቂቃው ያቋርጣል፤ ሌሊት ከእንቅልፉ ይባንናል። ስለዚህ ብዙ ትልልቅ ኤርፖርቶች ከጎረቤቶቻቸው ጋር የሚሠራ የራሱ ክፍልና በጀት አላቸው። ሥራው ድምፅ ከመቀነስ ይጀምርና ወደ ካሳ፣ ወደ ቅጥር፣ ወደ ሥልጠናና ለትምህርት ቤቶች ወደሚሰጥ ድጋፍ ይሰፋል። ይህን እንደ ምጽዋት የሚያዩት አሉ። እኔ ግን ዕዳ መክፈል ነው ባይ ነኝ።

ነገሩ ከመነሻው ሲበላሽ ምን ያህል እንደሚያስከፍል የጃፓኑ ናሪታ ምስክር ነው። መንግሥት በ1966 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለቶኪዮ አዲስ ዓለም አቀፍ ኤርፖርት እንዲሠራ ሲወስን የመረጠው ቦታ ሳንሪዙካ የሚባል የገበሬዎች አካባቢ ነበር። ገበሬዎቹን ቀድሞ ያማከረ የለም። መሬታችንን አንለቅም አሉ፤ ተማሪዎችም ተቀላቀሏቸው። በ1971 በተነሳ ግጭት ሦስት ፖሊሶች ሞቱ። በ1978 ኤርፖርቱ ሊከፈት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ደግሞ ተቃዋሚዎች መቆጣጠሪያ ማማው ውስጥ ገብተው መሣሪያውን ሰባበሩት፤ መክፈቻውም ወደ ሜይ 20 ተገፋ።

ሁለቱ ወገኖች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡት በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። በ1995 ጠቅላይ ሚኒስትር ቶሚኢቺ ሙራያማ መንግሥትን ወክለው ይቅርታ ጠየቁ። ያም ሆኖ ሁለተኛው ማኮብኮቢያ በ2002 ሲከፈት በታሰበው 2,500 ሜትር ፈንታ 2,180 ሜትር ሆኖ ቀረ፤ መሬቱን አንሸጥም ያሉ ነበሩና። በ2018 ሦስተኛ ማኮብኮቢያ ለመጨመር ሲታሰብ ግን አካሄዱ ሌላ ነበር። መንግሥት፣ የቺባ ግዛት፣ በዙሪያው ያሉ ዘጠኝ ከተሞችና ወረዳዎች፣ ኤርፖርቱም ቀድመው ተወያይተው ተስማሙ። መጀመሪያ መጠየቅ ይቻል ነበር ማለት ነው።

ከጎረቤት ጋር ትልቁ ጉዳይ ድምፅ ነው። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት በ2001 ያጸደቀው አካሄድ አራት ነገሮችን አንድ ላይ ያያል። እነሱም ጸጥ ያለ አውሮፕላን መጠቀም፣ በዙሪያው ያለውን መሬት በእቅድ መያዝ፣ የአበራረር ዘዴን ማሻሻል፣ በመጨረሻም በረራን መገደብ ናቸው። በለንደኑ ሂትሮ የሚያርፉት አውሮፕላኖች ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ማኮብኮቢያ ይቀይራሉ። በዚህም ከማረፊያው መስመር ስር ያለው ሰው የቀኑን ግማሽ ያርፋል፤ የትኛው ግማሽ እንደሆነም ቀድሞ ያውቃል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እረፍቱ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ ሰው ሕይወቱን በዚያ ያስተካክላል። እዚያው ሂትሮ የድምፅ ገደብ የጣሱ አየር መንገዶች የሚከፍሉት ቅጣት የአካባቢውን ማኅበራት ለሚደግፍ ፈንድ ይሄዳል። ፍራንክፈርት ደግሞ ከ2011 ጀምሮ ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት መደበኛ በረራ አያስተናግድም።

ከሁሉም የምወደው የአምስተርዳሙን ስኺፖል ነው። በ2003 በተከፈተው ማኮብኮቢያ ዙሪያ ሜዳው ለጥ ያለ በመሆኑ የሚነሱት አውሮፕላኖች ዝቅተኛ ጉርምርምታ መሬት ለመሬት እየተንከባለለ ቤት ያንቀጠቅጥ ነበር። ከዚያ አንድ ነገር ተስተዋለ። በዙሪያው ያለው እርሻ ሲታረስ ድምፁ ይቀንሳል። ትልሙ ድምፁን ይሰባብረዋል። በዚህ መነሻ 150 ያህል ረጃጅም የአፈር ክምሮች ተሠሩ፤ ቦታውም በ2013 የሕዝብ መናፈሻ ሆኖ ተከፈተ። ዛሬ ሰዎች በክምሮቹ መሃል በእግርና በብስክሌት ይንሸራሸራሉ። መፍትሔው ራሱ ለጎረቤቱ ስጦታ ሆነ።

ውጭ ማድረግ ያልተቻለውን ቤት ውስጥ መከላከል ይሞከራል። በአሜሪካ የቀንና የሌሊቱ አማካይ ድምፅ 65 ዴሲቤልና ከዚያ በላይ የሚደርስባቸው ቤቶች መስኮትና በራቸው በፌዴራል ድጋፍ ሊቀየር ይችላል። ትምህርት ቤቶችም እንዲሁ። የልጆቹ ነገር በተለይ ያሳስበኛል። በ1992 የሙኒክ አሮጌው ኤርፖርት ተዘግቶ አዲሱ ሌላ ቦታ ሲከፈት ተመራማሪዎች በሁለቱም አካባቢ ያሉ ልጆችን ተከታትለዋል። በአዲሱ አቅራቢያ የልጆቹ ንባብና የማስታወስ ችሎታ ሲጎዳ፣ በአሮጌው አቅራቢያ ግን ተሻሻለ። ጉዳቱ እውነት ነው፤ ድምፁ ሲቆም ሊቃለል መቻሉም እውነት ነው።

ገንዘብና ሥራ ላይ ቃል መግባት ቀላል ነው፤ የሚያዋጣው በወረቀት የሰፈረው ነው። በ2004 የሎስ አንጀለስ ኤርፖርት ማስፋፊያ ሲያቅድ ከ20 በላይ የሚሆኑ የሰፈር ማኅበራት፣ የሠራተኛ ድርጅቶችና የእምነት ተቋማት ተባብረው ተደራደሩ። ውጤቱ ግማሽ ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚገመት ስምምነት ነበር። በውስጡ በአቅራቢያው የሌኖክስና የኢንግልዉድ ትምህርት ቤቶች ድምፅ መከላከያ፣ የሥራ ሥልጠናና በቅጥር ለአካባቢው ሰው ቅድሚያ መስጠት ተካትተዋል።

የካናዳው ቫንኩቨር ከዚህም ርቆ ሄዷል። ኤርፖርቱ ያለበት ደሴት ሙስኩዊም የሚባሉት ነባር ሕዝቦች ጥንታዊ ርስት ነው። በ2017 የተፈረመው የ30 ዓመት ስምምነት ከዓመታዊ ገቢው 1 በመቶ ለእነሱ እንዲሄድ ይላል፤ ነጻ የትምህርት ዕድልና ሥራም ይጨምራል። በሕንድ ኬረላ ያለው ኮቺን ደግሞ ሌላ መንገድ ያዘ። በ1999 ሲከፈት ከገንዘቡ ከፊሉ የመጣው በውጭ አገር ከሚኖሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ሕንዶች ነበር፤ ሰዉ ራሱ ባለአክሲዮን ሆነ። ሙሉ በሙሉ በፀሐይ ኃይል መሥራት የጀመረው በ2015 ነው፤ በፓነሎቹ መሃል አትክልት ይመረትበታል።

ደጋግሞ መነጋገሪያ መድረክም ያስፈልጋል። የሳን ፍራንሲስኮው የድምፅ ጉዳይ ምክክር ከ1981 ጀምሮ አለ። በቪየና ከ2000 እስከ 2005 በዘለቀ ሽምግልና ስምምነት ተደርሶ ቋሚ የውይይት መድረክ ተቋቁሟል። እንዲህ ያለ መድረክ የሚሠራው መረጃ ሲኖረው ነው። የአውሮፕላኖች መስመርና የድምፅ ልኬት ለሁሉም ክፍት ካልሆነ ስብሰባው ብሶት መተንፈሻ ብቻ ይሆናል።

ድጋፉ ከማኅበረሰቡ ወደ ኤርፖርቱም ይሄዳል። ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 የአሜሪካ ሰማይ ሲዘጋ በካናዳዋ ትንሽ ከተማ ጋንደር 38 የመንገደኛ አውሮፕላኖች አረፉ። ከ6,500 በላይ መንገደኞች መጡ፤ የከተማዋ ነዋሪ 10,000 ገደማ ነበር። በትምህርት ቤት፣ በቤተ ክርስቲያንና በየቤታቸው አስተናገዷቸው።

በብዙ ቦታ ገና ያልተዘጋው ፋይል የእሳት ማጥፊያ አረፋ ነው። ለአሥርት ዓመታት በልምምድ ሜዳ የተረጨው አረፋ ፒፋስ የሚባሉ ቶሎ የማይፈርሱ ኬሚካሎች ነበሩት፤ ከነሱም የከርሰ ምድር ውኃ የገቡ አሉ። እዚህ ላይ ጎረቤት የሚፈልገው ጉድጓዱ እንዲመረመር፣ ውጤቱ ሳይደበቅ እንዲነገረውና ንጹሕ ውኃ እስኪገኝ ሌላ ውኃ እንዲቀርብለት ነው። ወጪው ከባድ ነው፤ ማን ይክፈል የሚለው ክርክርም በብዙ አገር ፍርድ ቤት ደርሷል።