በአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት የሲቪሎች ወታደራዊ እስር

በአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ1861 እስከ 1865፤ ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች፣ ወሮችና ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በሺዎች የሚቆጠሩ ሲቪሎች በጦር ሠራዊት እጅ ተይዘው ያለ ክስ ታስረዋል፤ አንዳንዶቹም በመኮንኖች ችሎት ተፈርዶባቸዋል። በሰሜኑ፣ ማለትም በፌዴራል መንግሥቱ፣ በኩል ብቻ የተያዙት ከ13,000 በላይ እንደሚሆኑ ይገመታል። ክርክሩ ሁሉ የሚዞረው በአንድ የቆየ መብት ላይ ነበር፤ አካልን ነጻ የማውጣት መብት፣ በላቲን ስሙ ሐቢየስ ኮርፐስ። ዳኛ አሳሪውን ጠርቶ እስረኛውን ከነአካሉ እንዲያቀርብና በምን ሕግ እንደያዘው እንዲያስረዳ የሚያዝበት ሥርዓት ነው። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት መብቱ ሊታገድ የሚችለው በዓመፅ ወይም በወረራ ጊዜ የሕዝብ ደኅንነት ሲያስገድድ ብቻ ነው ይላል። ማን ያግደው የሚለውን ግን በግልጽ አልጻፈም። ድንጋጌው የተቀመጠው ስለ ሕግ አውጪው ምክር ቤት፣ ስለ ኮንግረስ፣ በሚያወራው አንቀጽ 1 ውስጥ መሆኑ ነው ጠቡን ያመጣው።

ነገሩ የተጀመረው በባቡር ሐዲድ ነው። ዋና ከተማዋ ዋሽንግተን ከሰሜን ጦር የምታገኘው ባርነት በተፈቀደባት በሜሪላንድ በኩል ነበር። ሚያዝያ 1861 በገባ በ19ኛው ቀን፣ በባልቲሞር ባቡር ለመቀየር የወረዱ የማሳቹሴትስ ወታደሮች በሕዝብ ተከበው በተነሣው ግጭት 4 ወታደሮችና 12 ነዋሪዎች ሞቱ። ወዲያው ከከተማዋ በስተሰሜን ያሉ የባቡር ድልድዮች ተቃጠሉ። ኮንግረስ አልተሰበሰበም፤ ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን ሚያዝያ 27 ለጄኔራል ዊንፊልድ ስኮት በፊላደልፊያና በዋሽንግተን መካከል ባለው የጦር መስመር መብቱን እንዲያግድ ሥልጣን ሰጡት።

ግንቦት 25 ሌሊት 8 ሰዓት ገደማ ወታደሮች ጆን ሜሪማን የተባለውን የሜሪላንድ ገበሬና የሚሊሺያ መኮንን ከቤቱ ወስደው በፎርት ማክሄንሪ አሰሩት። ድልድይ በማቃጠል ተጠርጥሮ ነው። ጠበቃው ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዋና ዳኛ ለሮጀር ቴኒ አመለከተ፤ ቴኒም የምሽጉ አዛዥ ጄኔራል ካድዋላደር እስረኛውን ይዞ እንዲቀርብ አዘዙ። ጄኔራሉ ራሱ አልመጣም። ሰይፍ የታጠቀ መኮንን ልኮ፣ ፕሬዚዳንቱ መብቱን እንዳግድ ፈቅደውልኛል አለ። ቴኒ ጄኔራሉን ችሎት በመድፈር ይዘው እንዲያመጡ የፍርድ ቤቱን ትእዛዝ አስፈጻሚ፣ ማርሻሉን፣ ላኩ። ማርሻሉ ከምሽጉ የውጭ በር ላይ ቆሞ የስም ካርዱን ወደ ውስጥ አስገባ። ጥቂት ቆይቶ የተመለሰለት ቃል ለካርዱ መልስ የለም የሚል ነበር። ወደ ችሎቱ ተመለሰ።

የ84 ዓመቱ ዳኛ የቀራቸው ብዕር ብቻ ነበር። የማገድ ሥልጣን የኮንግረስ እንጂ የፕሬዚዳንት አይደለም ብለው ጻፉ። እኒሁ ሰው ናቸው በ1857 ጥቁሮች የአሜሪካ ዜጋ ሊሆኑ አይችሉም ብለው የፈረዱት፤ ስለ ሰው ነጻነት ያን ያህል አጥብቀው ሲከራከሩ ማየት ለብዙዎች መራራ ነበር። የሕግ ክርክራቸው ግን በዚህ ምክንያት አይወድቅም። ሊንከን ሐምሌ 4 ለኮንግረስ ባቀረቡት መልእክት አንዱን ሕግ ላለመጣስ ሲባል ሌሎቹ ሁሉ ሳይፈጸሙ ይቅሩና መንግሥት ራሱ ይፍረስ ወይ ሲሉ ጠየቁ። ሜሪማን ከሳምንታት በኋላ ወደ ሲቪል ፍርድ ቤት ተዛውሮ በዋስ ወጣ፤ በክህደት ቢከሰስም ለፍርድ ሳይቀርብ ቀረ።

በመስከረም የሜሪላንድ ምክር ቤት አባላት፣ የባልቲሞር ከንቲባና ጋዜጠኞች ታፈሱ። ከእነሱ አንዱ አዘጋጁ ፍራንክ ኪይ ሃዋርድ ነው። አያቱ ፍራንሲስ ስኮት ኪይ በ1814 እንግሊዞች ፎርት ማክሄንሪን ሲደበድቡ አድረው በማለዳ ባንዲራው እንዳለ አይተው ኋላ ብሔራዊ መዝሙር የሆነውን ግጥም የጻፉ ናቸው። የልጅ ልጃቸው በዚያው ምሽግ የታሰረው ድብደባው በተጀመረ በ47ኛ ዓመቱ፣ በዚያው ቀን ነው።

ከታሳሪዎቹ አብዛኞቹ ግን እንደ ሃዋርድ ስማቸው የሚጠራ አልነበሩም። በሚዙሪ፣ በኬንታኪና በሜሪላንድ የጦር መስመር አቋርጠው ኮንትሮባንድ ያዘዋወሩ፣ በባሕር የተዘጋውን ወደብ ሰብረው ሊገቡ የሞከሩ፣ ከጦሩ የከዱትን የደበቁ፣ ለመንግሥት የተበላሸ ዕቃ ያቀረቡ ነጋዴዎች ናቸው። ብዙዎቹ የታማኝነት ቃለ መሐላ ፈጽመው ወጥተዋል። በመጀመሪያው ዓመት እስሩን ይመራ የነበረው፣ የሚገርመው፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ዊልያም ስዋርድ ነበር፤ በየካቲት 1862 ወደ ጦር ሚኒስትሩ ኤድዊን ስታንተን ተዛወረ። በመስከረም ደግሞ ሊንከን የባሮች ነጻነት የመጀመሪያ ዐዋጃቸውን ባወጡ በሁለተኛው ቀን፣ መስከረም 24፣ ምልመላን የሚያደናቅፍ ሁሉ በመላ አገሪቱ በወታደራዊ ችሎት እንዲዳኝ አዘዙ። ኮንግረስ ለፕሬዚዳንቱ የማገድ ሥልጣን በሕግ የሰጠው መጋቢት 3 ቀን 1863 ነው፤ ያውም የእስረኞች ስም ዝርዝር ለዳኞች ይቅረብ ብሎ።

ብዙ ያነጋገረው ጉዳይ በዚያው ዓመት መጣ። በኦሃዮ ጄኔራል አምብሮዝ በርንሳይድ ለጠላት ማድላትን መናገር ራሱ ወንጀል ነው የሚል ትእዛዝ አወጣ። የቀድሞው የኮንግረስ አባል ክሌመንት ቫላንዲግሃም ግንቦት 1 በሕዝብ ፊት ጦርነቱን ሲያወግዝ፣ ሲቪል የለበሱ መኮንኖች ከመድረኩ ሥር ቆመው ይጽፉ ነበር። ግንቦት 5 ሌሊት ወታደሮች በዴይተን የቤቱን በር ሰብረው ወሰዱት። ደጋፊዎቹ በንዴት የተቀናቃኝ ጋዜጣ ቢሮ አቃጠሉ። ወታደራዊው ኮሚሽን ጦርነቱ እስኪያበቃ ይታሰር አለ፤ ሊንከን ግን ሰውየውን ሰማዕት ከማድረግ ይልቅ ወደ ደቡብ ጦር መስመር አሻግረው ሰደዱት። ደቡቦችም ብዙ አልፈለጉትም። በቤርሙዳ በኩል ካናዳ ገባ፤ ከዚያው ሆኖ ለኦሃዮ አገረ ገዥነት ተወዳድሮ በሰፊ ልዩነት ተሸነፈ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1864 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን የለኝም ብሎ መለሰው።

ስለ ነጻነትና ስለ ክልል መብት የሚሰብከው ደቡብም ከዚህ አልራቀም። ኮንግረሳቸው በየካቲት 1862 ለፕሬዚዳንታቸው ለጄፈርሰን ዴቪስ የማገድ ሥልጣን ሰጠ፤ ዋና ከተማቸው ሪችመንድ በጦር ሕግ ሥር ወደቀች፤ ካስል ተንደር የተባለው የትምባሆ መጋዘን እስር ቤት ሆነ። የራሳቸው ምክትል ፕሬዚዳንት አሌክሳንደር ስቲቨንስ ሳይቀር ይህን በአደባባይ ተቃውሟል።

ቁርጥ ያለ መልስ የተገኘው ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ነው። የኢንዲያና ጠበቃ ላምብዲን ሚሊጋን የደቡብ ምርኮኞችን ለማስፈታት አሲሯል ተብሎ በጥቅምት 1864 ተያዘ፤ ወታደራዊው ኮሚሽንም በስቅላት እንዲቀጣ ፈረደበት። የሚሰቀልበት ቀን ሲደርስ ፕሬዚዳንት አንድሩ ጆንሰን ቅጣቱን ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ለወጡለት። በ1866 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሲቪል ችሎት ክፍት ሆኖ በሚሠራበት ቦታ ሲቪልን ወታደር ሊዳኘው አይችልም ብሎ በአንድ ድምፅ አስፈታው፤ ኮንግረስ ቢፈቅድስ በሚለው ላይ ግን ዳኞቹ 5 ለ4 ተከፈሉ። የውሳኔውን ሐተታ የጻፉት ዴቪድ ዴቪስ የሊንከን የቅርብ ወዳጅ፣ በሊንከንም የተሾሙ ዳኛ ነበሩ።

ሚሊጋን አገሩ ገብቶ፣ እንዲያዝ ያዘዙትን ጄኔራል አልቪን ሆቪንና ባልደረቦቻቸውን ካሳ እንዲከፍሉ ከሰሰ። ለተከሳሾቹ የቆመው ጠበቃ ኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ቤንጃሚን ሃሪሰን ነበር። በ1871 ጁሪው፣ ማለትም ከሕዝብ የተመረጡት ፈራጆች፣ ለሚሊጋን ፈረደለት፤ የወሰነለትም ካሳ 5 ዶላር ነበር።